ለበረዶ መንገድ ትንሿን መኪናዬን ልሽጣት? ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በፊት ጎማ የምትጎትት ትንሽ ባለ አምስት በር መኪና አለችኝ። የምኖርበት አካባቢ በዓመት አራት ወር ያህል በረዶ አይለየውም። ሥራ የምገባው በማለዳ ስለሆነ በረዶ ጠራጊዎቹ ሳይደርሱ እወጣለሁ፤ ከቤቴ ወጣ እንዳልኩም የሚጠብቀኝ ዳገት ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ዳገቱ ላይ ቀርቻለሁ። መኪናዬን ሸጬ ክሮስኦቨር የሚሉትን ጂፕ መሰል ከፍ ያለ መኪና ልግዛ ወይስ ባለቤቴ እንደምትለው ጎማ መቀየር ይበቃኛል? ክሮስኦቨር ይሻላል ካሉኝ ምን ዓይነቱን? ነጭ ቀለም ቢሆንስ ችግር አለው?»

መልስ፦ ባለቤትዎ በአብዛኛው ልክ ናቸው። «በአብዛኛው» ያልኩት እርስዎን ላለማስከፋት አይደለም። ጎማ ሊፈታው የማይችለው አንድ ችግር አለ፤ እርስዎም «ጠራጊዎቹ ሳይደርሱ እወጣለሁ» ሲሉ ሳያስቡት ጠቅሰውታል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ግን በረዶ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንስማማ። አማርኛችን ከሰማይ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚወርደውንም፣ ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ አስፋልት ላይ እንደ መስተዋት የሚረጋውንም በአንድ ቃል ጠርቶ ይገላገላል። ለጎማ ግን እነዚህ የተለያዩ ዓለማት ናቸው። አዲስ የወረደና ያልተረገጠ ልል በረዶ አለ። መኪና ሲመላለስበት የተጠቀጠቀ በረዶ አለ። ቀን ቀልጦ ሌሊት የረጋ ግግር አለ። ጨው ሲነሰነስበት የሚቦካ የበረዶ ጭቃም አለ። በደረቅ አስፋልት ላይ በጎማና በመንገድ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን (ጎማው መንገዱን ምን ያህል እንደሚይዝ የሚያሳየው ቁጥር) 0.7 ወይም 0.8 አካባቢ ነው፤ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ወደ 0.2 ወይም 0.3 ይወርዳል፤ በግግር ላይ 0.1 ከተገኘም ጥሩ ነው። ልል በረዶ ደግሞ ከማንሸራተቱ ይልቅ ጥልቀቱ ያስቸግራል። ትንሽ መኪናና ክሮስኦቨር በግልጽ የሚለያዩት በዚህ በጥልቀቱ ጉዳይ ነው። በሌሎቹ ላይ ያላቸው ልዩነት ሻጮች ከሚያወሩት በጣም ያነሰ ነው።

ሞተሩ ጉልበቱን ለአራቱም ጎማዎች የሚያደርስበት አሠራር፣ በልማድ «ፎር ዊል» የምንለው፣ የሚጠቅመው በዋናነት ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ነው። ለመቆም ምንም አያግዝም። ማንኛውም መኪና፣ ትንሹም ትልቁም፣ ፍሬን ያለው በአራቱም ጎማ ላይ ነውና በዚህ በኩል ክሮስኦቨሩ የሚበልጥበት ነገር የለውም። ኩርባ ላይም ቢሆን ነዳጁን ለቀው መሪውን ሲያዞሩ የሚይዝዎት ጎማው ብቻ ነው።

እስቲ ዳገትዎን በወረቀት ላይ እናስላው። በፊት ጎማ የሚጎትት ትንሽ መኪና ሞተሩ ፊት ስለሆነ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ በፊት ጎማዎቹ ላይ ያርፋል። ዳገት ሲወጣ ደግሞ የተወሰነው ክብደት ወደ ኋላ ይሸሻል። የሰበቃው መጠን 0.2 በሆነበት የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ይህ መኪና ሊወጣ የሚችለው በየ100 ሜትሩ 11 ወይም 12 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ነው። በአራቱም ጎማ የሚጎትተው በዚያው ጎማ ወደ 20 ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የክሮስኦቨር ባለቤቶች በኩራት የሚያወሩትም ይህን ነው። አሁን ግን የትንሿን መኪና ጎማ ብቻ በጥሩ የበረዶ ጎማ እንቀይርና ሰበቃው 0.3 ይሁን። ስሌቱ ወደ 17 ሜትር ያወጣታል። ክሮስኦቨሩን ልትደርስበት ምንም ያህል አልቀራትም፤ ያውም መኪናዋ ሳትሸጥ። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ በረዶ በየሜትሩ ጠባዩን ይቀይራል። አቅጣጫውን ግን በትክክል ያሳያል።

ከዳገቱ አናት ላይ ደርሰናል እንበል፤ አሁን መውረድ አለ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱም መኪኖች በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ሜዳ ላይ ፍሬን ቢይዙ፣ የበረዶ ጎማ ያሰረችው ትንሿ መኪና (0.3) በ33 ሜትር ገደማ ትቆማለች፤ በተራ ጎማ የሚሄደው ክሮስኦቨር (0.2) 49 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ ትንሿ መኪና ቆማ ባበቃችበት ቦታ ላይ ክሮስኦቨሩ ገና በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ከፊቱ ያለው ግድግዳ ወይም እግረኛ ቢሆን ብለው ያስቡት። በዚህ ስሌት ውስጥ የመኪናው ክብደት አልገባም፤ ምክንያቱም ክብደት ሲጨምር ጎማው ወደ መሬት የሚጫንበት ኃይልም በዚያው ልክ ስለሚጨምር ይጣፋሉ። «ከባድ መኪና በረዶ ላይ ይሻላል» የሚለው የድሮ ወሬ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ከባዱ መኪና የሚለየው ሲጋጭ በሚያደርሰው ጉዳት ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። ከብዙ ዓመታት በፊት ከአንድ ጓደኛዬ የተዋስኩትን በአራቱም ጎማ የሚጎትት ክሮስኦቨር እየነዳሁ ሌሎች መኪኖች የቀሩበትን ዳገት ያለ ችግር ወጣሁ። እንዲያውም ጎን ለጎን የቆሙትን በአዘኔታ እያየሁ አለፍኩ። ከዳገቱ ማዶ ባለው ቁልቁለት ግርጌ የትራፊክ መብራት ነበረ፤ ቀይ። ፍሬኑን ስረግጠው ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው የፍሬን መሣሪያ) እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ መኪናው ግን እንደ ሸርተቴ መውረዱን ቀጠለ። መብራቱን አልፌ መስቀለኛው መንገድ መሐል ስቆም ከግራም ከቀኝም የመጣ መኪና አለመኖሩ ዕድል ነው እንጂ ችሎታ አይደለም። ጎማዎቹን ወርጄ ሳያቸው ለሁሉም ወቅት የሚባሉት ናቸው፤ ጥርሳቸውም ከግማሽ በላይ አልቋል። የዚህ ዓይነት መኪና አደጋው እዚህ ላይ ነው፦ ሲነሣ ስለማይንሸራተት መንገዱ ምን ያህል እንደሚያንሸራትት ለነጂው አይነግረውም። በፊት ጎማ የምትጎትተው ትንሿ መኪናዎ ገና ከበር ስትወጣ ጎማዋን እያሽከረከረች ታስጠነቅቅዎታለች። ያ የሚያናድድ ድምፅ ውለታ ነው።

ስለ ጎማው ትንሽ ላብራራ፤ ገንዘቡ መዋል ያለበት እዚያ ነውና። የተራ ጎማ ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች ሲሆን እየደረቀ ይሄዳል፤ የበረዶ ጎማ ላስቲክ ግን በብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ የተቀመመ ነው። ሁለተኛው ምሥጢር ጥርሱ ነው። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ተደርድረዋል፤ ጎማው ሲሽከረከር ይከፈቱና በረዶውን ይነክሳሉ። ሰፋፊዎቹ ቦዮች ደግሞ በረዶ ጠቅጥቀው ይይዛሉ። ይህ እንከን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ልጆች በረዶ አድበልብለው ሲጫወቱ እንደምናየው በረዶን ከሁሉ በላይ አጥብቆ የሚይዘው በረዶ ራሱ ነው። ጎማው በጥርሱ መካከል የያዘው በረዶ መሬት ላይ ካለው ጋር ይጣበቃል።

ሲገዙ የጎማውን ጎን ያንብቡ። «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉት ፊደላት ጭቃና በረዶ ለማለት የተጻፉ ናቸው፤ ነገር ግን የጥርሱን ቅርጽ እንጂ በፈተና የተረጋገጠ ችሎታን አያመለክቱም። መፈለግ ያለብዎት ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ይህ ምልክት የሚሰጠው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ጎማ ነው። ጀርመን ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህ ምልክት የሌለውን እንደ በረዶ ጎማ አትቆጥረውም፤ የካናዳዋ ኩቤክ ደግሞ ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 15 (እ.ኤ.አ.) ያለ በረዶ ጎማ መንዳትን ትከለክላለች። ሆኖም ምልክቱ ስለ ግግር ምንም አይመሰክርም። ምልክቱ ካላቸው «ለሁሉም ወቅት» ጎማዎች መካከል በበረዶ ላይ ደህና የሆኑ አሉ፤ ግግር ላይ ግን እውነተኛውን የበረዶ ጎማ አይስተካከሉም። አካባቢዎ ከበረዶ ይልቅ ግግር የሚበዛበት ከሆነና ሕጉ ከፈቀደ ባለ ሚስማር ጎማን ማሰብ ይቻላል።

አራቱንም ይቀይሩ። «የምትጎትተው በፊት ጎማ ስለሆነ ሁለቱን ብቻ ልቀይር» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ከዚህ የባሰ ቁጠባ አላውቅም። ፊቱ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ኋላው ይንሸራተታል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲነካ መኪናው ጅራቱን አዙሮ ወደመጣበት ይመለከታል። የጥርሱ ጥልቀት ከ4 ሚሊ ሜትር ሲያንስም የበረዶ ጎማነቱ አብቅቷል ብለው ይቁጠሩት፤ በብዙ አገሮች ሕግ የሚፈቀደው 1.6 ሚሊ ሜትር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ትንሽ መኪና የምትበልጥበት አንድ ነገርም አለ፤ ብዙ ሰው አያስብበትም። ጎማዋ ጠባብ ነው። 195 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ልል በረዶንና የበረዶ ጭቃን ሰንጥቆ ወደ መሬት ይወርዳል፤ በዘመናዊ ክሮስኦቨሮች ላይ የሚታሰረው 235 ሚሊ ሜትር ጎማ ግን ከፊቱ ብዙ በረዶ ይገፋል፣ ጭቃው ላይም ሊንሳፈፍ ይችላል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ለበረዶው ወራት አምራቹ ከፈቀዳቸው መጠኖች ውስጥ ትንሹን ቸርኬና ጠባቡን ጎማ የሚመርጡት። ባለ 19 ኢንች ቸርኬ ለዓይን ያምራል። ጉድጓድ በበረዶ ተሸፍኖ በማይታይበት መንገድ ላይ ሲጣመም ግን ውበቱ ያበቃል።

አሁን ጎማ ወደማይፈታው ችግር ልመለስ። የመኪናው ሆድ ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። ጥልቅ በረዶ ውስጥ የገባ ዝቅ ያለ መኪና መጀመሪያ በፊት ፓራውልቱ በረዶ ይገፋል፤ ከዚያ በረዶው ከሆዱ ሥር እየታጨቀ ያነሣዋል። በመጨረሻ ሆዱ በበረዶው ላይ ተኝቶ ጎማዎቹ ክብደት አጥተው በከንቱ ይሽከረከራሉ። በዚያ ሰዓት የዓለም ምርጥ ጎማ ቢኖርዎት፣ በአራቱም ጎማ ቢጎትትም፣ የሚያወጣዎት አካፋ ነው። ጠራጊ መኪና አልፎ ከግቢዎ በር ላይ የሚከምረው ደግሞ ከለስላሳው በረዶ የባሰ ነው፤ ተጠቅጥቆ የጠጠረ ግንብ ነው።

ይህን ለማየት ከሱባሩ ሁለት መኪኖች የተሻለ ማነጻጸሪያ የለም። ኢምፕሬዛና ክሮስትሬክ (ቀድሞ በብዙ አገሮች ኤክስቪ ይባል የነበረው) በአንድ መሠረት ላይ የተገነቡ ወንድማማቾች ናቸው፤ በአብዛኞቹ አገሮች ሁለቱም በአራቱም ጎማ የሚጎትቱ ናቸው። ዋናው ልዩነታቸው የኢምፕሬዛ ሆድ ከመሬት 130 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲርቅ የክሮስትሬክ 220 ሚሊ ሜትር መራቁ ነው። በተጠረገ መንገድ ላይ በአንድ ዓይነት ጎማ ቢወዳደሩ ዝቅ ያለው ኢምፕሬዛ ኩርባ ላይ ይበልጥ የተረጋጋ ነው፤ የክብደቱ ማዕከል ለመሬት ቅርብ ነውና። 20 ሳንቲ ሜትር በረዶ ባልተጠረገበት ማለዳ ግን ኢምፕሬዛ ይቆማል፣ ክሮስትሬክ ይሄዳል። እነዚያ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትሮች ናቸው ክሮስኦቨርን ክሮስኦቨር የሚያደርጉት፤ የቀረው በአብዛኛው የወንበር ከፍታና የጭነት ቦታ ነው።

ስለዚህ ውሳኔውን ለእኔም ለባለቤትዎም አይተዉት። በረዶ በጣለ ማለዳ ሁሉ ከመውጣትዎ በፊት ግቢዎ ውስጥና መንገዱ ላይ ጥልቀቱን በማስመሪያ ይለኩና ይጻፉት። የመኪናዎን የሆድ ከፍታም ከመመሪያ መጽሐፏ ላይ ይፈልጉ፤ እንደ ቶዮታ ኮሮላ ባሉ ትንንሽ መኪኖች 130 ወይም 140 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እኔ የምጠቀምበት ልክ ይህ ነው፦ ልል በረዶው ከሆዱ ከፍታ ከሁለት ሦስተኛው በታች እስከሆነ ድረስ ጥሩ ጎማ ያላት ትንሽ መኪና ታልፋለች፤ ለእርስዎ ይህ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሆኑት ማለዳዎች በዓመት ሦስት ወይም አራት ብቻ ከሆኑ በእነዚያ ቀናት አንድ ሰዓት ዘግይቶ መውጣት መኪና ከመቀየር ይረክሳል። በየሳምንቱ የሚያጋጥምዎት ከሆነ ግን ክሮስኦቨር ይግዙ፤ ባለቤትዎንም እኔ አሳምናቸዋለሁ።

ለመግዛት ከወሰኑ በስሙና በቁመናው አይታለሉ። ክሮስኦቨር የሚለው ስም ስለሚጎትቱት ጎማዎች የሚናገረው ነገር የለም። ኪያ ሶልና ሃዩንዳይ ቬኑ ቁመናቸው እንደ ክሮስኦቨር ነው፤ የሚጎትቱት ግን እንደ እርስዎ መኪና በፊት ጎማ ብቻ ነው። እንደ ቶዮታ ራቭ 4 እና ሆንዳ ሲአር-ቪ ያሉት ደግሞ በሁለቱም ዓይነት ይሠራሉ፤ ያገለገለ ሲገዙ ጎንበስ ብለው ከሥር ይመልከቱ ወይም መካኒክ ይዘው ይሂዱ። ጎንበስ ሲሉ ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ ስላጡ ብቻ ተታለልኩ አይበሉ፤ በአራቱም ጎማ በሚጎትተው ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሠራ) ራቭ 4 የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር ስለሆነ ዘንግ አያስፈልገውም። ለእርስዎ ዓይነት ዳገት ይበቃል። ረጅምና ጥልቅ በረዶ ባለበት ገጠር ብኖር ግን በዘንግ የሚያዞረውን እመርጣለሁ። ምክንያቱም የኋላው ሞተር በአብዛኛው ከፊተኛው ጉልበት በጣም ያነሰ ነው።

ትንሽነትና በአራቱም ጎማ መጎተት አብረው አይሄዱም ያለ ሰውም ተሳስቷል። ፊያት ፓንዳ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ዝርያ ነበረው፤ በአልፕስ ተራሮች መንደሮች ስሙ የተከበረው በዚህ ነው። ማዝዳ 3 በአንዳንድ ገበያዎች እንዲሁ ይገኛል፤ ቶዮታ ያሪስ ክሮስም በሃይብሪድ ዝርያው አለ። ሱዙኪ ጂምኒ ክብደቱ 1,100 ኪሎ ግራም አካባቢ ሆኖ የሆዱ ከፍታ 210 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከባድ ማርሽም አለው። ጥልቅ በረዶ ውስጥ እንደ ፍየል ይሄዳል። ሆኖም አጭር፣ ቀጥ ያለና ጠንካራ ስለሆነ በየቀኑ በፈጣን መንገድ ለሚመላለስ ሰው አልመክረውም። መውደዴን ግን አልደብቅም።

በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና የሚያስከትለው አንድ ወጪም አለ፤ ሻጮች አያነሡትም። አራቱ ጎማዎች ተመሳሳይና በእኩል ያለቁ መሆን አለባቸው። አንዱ ፈንድቶ በአዲስ ቢተካ ዙሪያው ስለሚበልጥ ኃይል አከፋፋዩ ሁልጊዜ በግድ ይሠራል፤ ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት የጥልቀት ልዩነት ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። አንድ ጎማ ሲጎዳ አራት መግዛት ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

እስከዚያው ዳገትዎ ላይ ዳግመኛ እንዳይቀሩ ሁለት ነገር ልጨምር። ብርድ በ5 ወይም 6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የጎማ አየር በ0.07 ባር ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በረዶው ሲገባ ጎማዎቹ በቀዘቀዙበት ሰዓት ያስለኩ። ዳገቱን ሲጀምሩ ደግሞ ከግርጌው ትንሽ ፍጥነት ይዘው፣ ማርሹን ከፍ አድርገው፣ ነዳጁን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይውጡ፤ መሐል ላይ ጎማው መሽከርከር ከጀመረ መርገጥ ግግር ይሠራል እንጂ አያወጣም። ሙሉ በሙሉ ከተተከሉ የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን ቁልፍ ለጊዜው ያጥፉትና ወደፊትና ወደ ኋላ እያሉ ቀስ ብለው ይሞክሩ፤ ከወጡ በኋላ መልሰው ያብሩት። ሞተሩን ሳያጠፉ ቆመው እርዳታ የሚጠብቁ ከሆነ ግን የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን በየጊዜው ወርደው ይመልከቱ። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ከገባ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ነጭ መኪና በረዶ ሲወርድ በእርግጥ አይታይም፤ ግራጫም ያው ነው። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ካገኙ ይውሰዱ፤ ካላገኙ ግን በቀለም ምክንያት ጥሩ መኪና አይለፉ። ከቀለሙ ይልቅ መብራቱን ያስቡበት። ብዙ መኪኖች ቀን ላይ በራሳቸው የሚያበሩት የፊቱን ብቻ ነው፤ የኋላው መብራት ጠፍቶ ይሄዳል፣ ነጂውም ዳሽቦርዱ ስለበራለት ሁሉም የበራ ይመስለዋል። በረዶ እየጣለ ከሆነ ዋናውን መብራት በእጅዎ ያብሩ። የአዲሶቹ መኪኖች የኤልኢዲ መብራት ደግሞ እንደ ድሮው አምፖል መስተዋቱን ስለማያሞቀው በረዶው ላዩ ላይ አይቀልጥም። በመንገድ ላይ በቆሙ ቁጥር የፊቱንም የኋላውንም በእጅዎ ይጥረጉት።